ስም የሌለው ስሜት

ሰው አምስት የስሜት ሕዋሳት አሉት እየተባልን አደግን። የሚያይ ዓይን፣ የሚሰማ ጆሮ፣ የሚያሸት አፍንጫ፣ የሚቀምስ ምላስ፣ የሚዳስስ እጅ። ቋንቋችንም በእነዚህ አምስት በሮች እየገባ የተከማቸ ይመስላል፤ ለብርሃኑም ለድምፁም፣ ለሽታውም ለጣዕሙም፣ ለሻካራውም ለለስላሳውም ስም አላጣንም። ከአምስቱ በሮች አንዱንም ሳያንኳኳ በሰውነታችን የሚያልፍ ኃይል ግን አለ። ግድግዳ አያግደውም፣ ቆዳ አያስቆመውም። እናንተ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ፣ እኔም ስጽፈው፣ በሁላችንም ውስጥ እያለፈ ነው። ያልፋል እንጂ አይሰማንም። ስሙ መግነጢስ ነው።

ምድራችን ራሷ ትልቅ መግነጢስ ናት። ወደ ላይም ወደ ታችም እንድትወዛወዝ ተደርጋ የተሰቀለች የመግነጢስ መርፌ በሰሜኑ የዓለም ጫፍ ወደ መሬት ትደፋለች፤ በደቡቡ ጫፍ ደግሞ ሽቅብ ታንጋጥጣለች። እኛ በምንኖርበት በዚህ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ግን ከሞላ ጎደል አግድም ትተኛለች፤ የመግነጢስ ወገብ የሚባለው መስመር በአገራችን ላይ ያልፋልና። ዓለም ስለ ምድር በኅብረት ባጠናበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 በዘለቀው የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥር የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ሲቋቋም ቦታው እንዲመረጥ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ጣቢያውን የመሠረቱት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን ናቸው። በአንድ በኩል የማይሰማንን የምድር መግነጢስ፣ በሌላ በኩል የሚሰማንን የምድር መንቀጥቀጥ ሲመዘግቡ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳትመዋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ማጥናቱ በኋላ ለማወጋችሁ ነገር ይጠቅመኛልና በልቡናችሁ ያዙልኝ።

የማይሰማን ለእኛ ነው እንጂ ለፍጥረት ሁሉ አይደለም። በመኸርና በጸደይ ከአውሮፓ የሚመጡና ወደዚያ የሚመለሱ ወፎች ይህንን ሸለቆ መንገዳቸው ያደርጉታል። ከቆቃ እስከ ዝዋይ፣ ከዝዋይ እስከ አብያታና ሻላ ባሉት ሐይቆች ዳር ሽመላው ከሌላው ወፍ ጋር ተደባልቆ ሲያርፍ ያላየ የዚህ አገር ሰው የለም። ከተጓዥ ወፎች መካከል የምድርን መግነጢስ የሚያነቡ መኖራቸውን ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቪልችኮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሳይተዋል። ሮቢን የምትባለዋን ትንሽ ወፍ ፀሐይም ኮከብም በማታይበት ክፍል ውስጥ አስቀመጡና በዙሪያዋ ያለውን መግነጢስ በሽቦ ጥቅል አዞሩባት። ወፏም ልትሄድበት የፈለገችውን አቅጣጫ አብራ አዞረች። ከራሳችን በላይ የሚበረው ወፍ የሚያውቀውን እኛ አናውቅም ማለት ነው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ግን እናውቃለን። በኤም አር አይ ማሽን ውስጥ ስንተኛ።

*

ኑሮዬ በአዳማ ነው፤ በቀድሞ ስሟ በናዝሬት። ሥራዬ በባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጦ ብር መቀበልና መክፈል ነው። ከመቀመጥ ብዛት በ2014 ዓ.ም. ወገቤ ታመመና ሐኪሜ ኤም አር አይ እንድነሣ አዘዘ። ቀጠሮዬ አዲስ አበባ ነበርና በፈጣኑ መንገድ በጠዋት ወጣሁ።

ከክፍሉ በር ላይ ቀበቶዬን፣ ቁልፌን፣ ሳንቲሜን፣ ስልኬንና የኤቲኤም ካርዴን ተቀበሉኝ። የካርዱ ነገር እንደ ባንክ ሠራተኛ ገርሞኛል። በካርዱ ጀርባ ያለው ጥቁር መስመር በመግነጢስ የተጻፈ ጽሑፍ ነው፤ ወደዚያ ማሽን ከተጠጋ ይሰረዛል። አንድን ሰው ከነሒሳቡ የሚያስታውስ ነገር በአንድ እርምጃ ባዶ ይሆናል። «እኔስ ምን ይሰረዝብኝ ይሆን?» ብዬ በልቤ ፈገግ አልሁ።

ምን እንደሚሰማኝ ጠየቅሁ። ባለሙያው «ምንም አይሰማዎትም፤ ጩኸት ብቻ ነው» አለኝ።

ጩኸቱስ ነበረ። መጀመሪያ እንደ ሙቀጫ ውቂያ፣ ቀጥሎ የብረት በር በመዶሻ እንደሚደበደብ፣ ቀጥሎም የእኛው የብር መቁጠሪያ ማሽን ሺህ ጊዜ ጎልቶ እንደሚንተረተር። ነገር ግን ጩኸት ብቻ አልነበረም። አልጋው ወደ ውስጥ ሲንሸራተት ራሴን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነገር ነበር፤ አልጋው ቀጥ ብሎ ሳለ እኔ የዞርሁ መሰለኝ። በመካከል ደግሞ ጎድኔ ሥር አንድ ጡንቻ ከመንተርተሩ ጋር እየገጠመ ብቻውን ዘለለ፤ እኔ አላዘዝሁትም። ወደ መጨረሻው ሶደሬ ፍል ውሃ ዳር የተቀመጥሁ ያህል ጀርባዬ ሞቀ። የነካኝ እጅ አልነበረም። ያየሁት እሳት አልነበረም። ወጥቼ ስናገር ባለሙያው «የፍርሃት ነው» አለኝ።

ፍርሃትን አውቀዋለሁ። ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ ሒሳቤ አልዘጋ ሲል ሆዴን የሚይዘኝ እርሱ ነው። ያ ሌላ ነበር።

*

ቅኔ የምወድ ሰው በመሆኔ፣ በቃል ያልተያዘ ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል። ስለዚህ ማታ ማታ አነበብሁ። ያገኘሁትም እነሆ።

በብዙ ሆስፒታሎች የሚገኘው ማሽን ኃይሉ 1.5 ቴስላ ነው። በዚህ አካባቢ የምድር መግነጢስ ግን ከቴስላ ሚሊዮን እጅ 36 ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ቱቦ ከአገራችን ምድር 40,000 ጊዜ ያህል ይበረታል ማለት ነው። ደግሞም አይጠፋም። ሰው ቢኖርም ባይኖርም፣ ቀንም ሌትም፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በቀዘቀዘ ሂሊየም ውስጥ የተጠመቀ ሽቦ የኤሌክትሪክ ዥረቱን ሳያቋርጥ ይዞራል። ከሰውነታችን ብዙው ውሃ ነው፤ በውሃው ውስጥ ያሉት ሃይድሮጅኖች በዚያ ኃይል ፊት ይሰለፋሉ። ማሽኑ በሬዲዮ ሞገድ ይነካካቸዋል፣ እነርሱ ይመልሳሉ፤ ከመልሳቸውም ሥዕል ይሣላል።

ጩኸቱ የሚመጣው ከጥቅል ሽቦዎች ነው። በትልቁ መግነጢስ ውስጥ ሆነው ኤሌክትሪክ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየገባባቸው እየወጣባቸው ስለሚሄድ በእያንዳንዱ ጊዜ ይንቀጠቀጣሉ፤ የከበሮ ቆዳ በዱላ እንደሚመታ ይመታሉ። ጆሮ የሚሸፈነው ስለዚህ ነው።

የዘለለው ጡንቻዬ ደግሞ ምክንያቱ ሩቅ ይሄዳል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳዩት የሚለዋወጥ መግነጢስ በአቅራቢያው ባለ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣል። ነርቭም በራሱ መንገድ ሽቦ ነው። መግነጢሱ በፍጥነት ሲለዋወጥ በሰውነት ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይነሣና ነርቩን ይቀሰቅሰዋል፤ ጡንቻውም ባለቤቱን ሳያማክር ይታዘዛል። እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ ኖቲንግሃም ላይ የሠሩትን ማሽን ሊሞክሩ ሲሉ፣ የሚለዋወጠው መግነጢስ ለልብ አደገኛ ሊሆን ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው ነበር። ሌላ ሰው አላስገቡም። ራሳቸው ገቡ። በሰላም ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከአሜሪካዊው ፖል ላውተርበር ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ማሽኖቹ ጡንቻ ቢያዘልሉም ልብ ጋ እንዳይደርሱ ገደብ ተበጅቶላቸዋል።

ሙቀቱ የሬዲዮው ሞገድ ነው። በ1.5 ቴስላ ማሽን ሞገዱ 64 ሜጋኸርዝ ያህል ነው፤ ከኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚገኝ። ሰውነታችን ከሞገዱ ጥቂቱን ይቀበልና ይሞቃል። አንዳንዱ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ ብልጭታ ያያል፤ አንዳንዱ በምላሱ የብረት ጣዕም ያገኛል። የብልጭታውን ነገር ፈረንሳዊው ዳርሶንቫል እ.ኤ.አ. በ1896፣ ይህ ማሽን ከመታሰቡ በፊት፣ ጭንቅላትን በሽቦ ጥቅል ውስጥ አድርገው አይተውታል። ብርሃን የለም፤ ዓይን ግን ያያል።

የመዞሩ ምክንያት የተገለጠው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዴል ሮበርትስና ባልደረቦቻቸው ሰዎችን ከተለመደው በሚበረታ 7 ቴስላ ማሽን ውስጥ አስተኝተው በጨለማ ዓይናቸውን ተመለከቱ። የተኙት ሰዎች ምንም ሳይንቀሳቀሱ ዓይናቸው፣ ዞሮ ዞሮ እንደቆመ ሰው ዓይን፣ ወደ ጎን ይንሸራተትና ይመለስ ነበር። በውስጠ ጆሯችን ሚዛን የሚጠብቁ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ በውስጣቸውም ፈሳሽ፣ በፈሳሹም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች። መግነጢሱ እነዚያን ቅንጣቶች ይገፋል፣ ፈሳሹ ይገፋል፣ አእምሮም «ዞርሁ» ብሎ ያምናል። ውስጠ ጆሯቸው የማይሠራ ሰዎች ግን በዚያው ማሽን ተኝተው ዓይናቸው አልተንቀሳቀሰም። በ1.5 ቴስላ ብዙ ሰው ይህን ላያስተውለው ይችላል፤ ኃይሉ በጨመረ ቁጥር ስሜቱ ይጎላል። ግን ቅዠት አይደለም፤ ፍርሃትም አይደለም። የገዛ ጆሯችን የመሰከረው ነው።

*

ይህ ሁሉ ንባብ ለእኔ የማታ ጨዋታ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር፤ የእናቴ ጉዳይ ባይመጣ።

በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ እስከ የካቲት የአዋሽ ፈንታሌ ምድር መንቀጥቀጡን ታስታውሳላችሁ። እዚያ በቅርቡ ያሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ። እኛ አዳማ ላይ አልጋ ተነቀነቀብን፣ ብርጭቆ ተንቀጫቀጨብን። በዚያ ሰሞን የከተማው ሰላምታ ተለውጦ ነበር። «እንደምን አደርህ?» ቀርቶ «ሌሊት ተሰማህ?» ሆነ። «ተሰማኝ» ማለት ብቻውን መጽናኛ ነበር፤ ጎረቤትም ተሰምቶታል፣ አምፖሉም ተወዛውዟል፣ ውሻውም ጮኋል። ብዙ ምስክር ያለው ስሜት ያስፈራል እንጂ አያሳብድም።

እናቴ ግን በዚያው ጊዜ ሌላ ሕመም ነበረባት። በአንድ ጆሮዋ ይጮኽባታል፣ መስማቱ ቀንሷል፣ አልፎ አልፎ ያዞራታል። ስለዚህ በተዟዟረባት ቁጥር ሁለት ነገር ትጠይቃለች፦ ምድር ናት ወይስ ራሴ? ጠረጴዛዋ ላይ ሁልጊዜ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ታስቀምጥ ጀመር። ሲያዞራት ብርጭቆውን ታያለች። ውሃው ከተንቀሳቀሰ «ተመስገን፣ ምድር ናት» ትላለች። ውሃው ዝም ካለ እርሷም ዝም ትላለች። በምድር መንቀጥቀጥ የተጽናናች ሴት እርሷን ብቻ ነው ያየሁት።

ሐኪሟ የመስማት ነርቭ ላይ እባጭ እንዳይኖር ለማየት የራስ ኤም አር አይ አዘዘላት። ቀጠሮው ሲቃረብ አንድ ማታ ቡና አፍልታ ስታበቃ ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ አንተ ገብተህበታል። እዚያ ውስጥ ምን ይሰማል?»

«ምንም አይሰማም» ማለት ይቀልል ነበር። ግን አሰብሁት። ይህች ሴት ስድስት ወር ሙሉ የገዛ ስሜቷን በብርጭቆ ውሃ ስትመሰክር የኖረች ናት። ወደ ቱቦው ገብታ ራሷ ቢዞርባት፣ ብርጭቆዋ በሌለበት፣ ምን ትላለች? ወይ በሽታዬ ባሰ ትላለች፤ ወይ ምድር ተናወጠች ብላ ትነሣለች። ራሷን ካንቀሳቀሰች ሥዕሉ ይበላሻል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ወጥታ ስትናገር «የፍርሃት ነው» ቢሏት ነው። ያኔ ከራሷ ስሜት ጋር ለዘላለም ትጣላለች።

ስለዚህ ሁሉንም ነገርኋት። «እማዬ፣ ስትገቢና ስትወጪ ሊያዞርሽ ይችላል። ምድር አይደለችም፤ ሕመምሽም አልባሰም። በጆሮሽ ውስጥ ያለውን ውሃ መግነጢሱ ነው የሚገፋው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ከውስጥ ብልጭ ቢልብሽ አትደንግጪ። ጡንቻሽ ቢዘልል ተይው፤ ሞቅ ቢልሽም ያው ነው። የሚያቃጥል ወይም የሚያም ነገር ካለ ግን በእጅሽ የሚሰጡሽን ኳስ ጭመቂው፤ ያወጡሻል።»

ጸጥ ብላ ሰማችኝና «ታዲያ የሚያዞረኝ ከሆነ ጆሮዬ አልሞተም ማለት ነው?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየትኛውም ንባቤ አላገኘሁም። የውስጠ ጆሮ ሐኪሞች ከወንበራቸው ተነሥተው ሊሰሟት የሚገባ ጥያቄ ነው። ለመስማት የሚያገለግለውና ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል የተለያዩ ቢሆኑም ጎረቤታሞች መሆናቸውን ነገርኋት። «ጎረቤቱ ከነቃ ይቀሰቅሰዋል» አለች።

በቀጠሮው ቀን የአንገቷን የብር መስቀል አውልቃ በመዳፌ አስቀመጠች። ማተቡን ክር ብቻ ስለሆነ አልነኩባትም። በሩ ተዘጋ። ከውጭ ሆኜ መንተርተሩን ስሰማ፣ ያ ድምፅ ለተኛው ሰውና ለሚጠብቀው ሰው አንድ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ለሚጠብቀው እያንዳንዱ ዝምታ ከጩኸቱ ይረዝማል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየች። ኳሱን አልጨመቀችም።

ስትወጣ ክንዷን ይዤ «ተሰማሽ?» አልኋት፤ እንደዚያ ሰሞን የከተማችን ሰላምታ።

ጥቂት አሰበችና «አንገዋለለኝ» አለች።

ሰፌድ ይዛ ጤፍና ስንዴ ስታንገዋልል የኖረች እጅ ናት ይህን ቃል ያገኘችው። ለማያውቀው ላስረዳ፤ ማንገዋለል ማበጠር አይደለም። ማበጠር እህሉን ወደ ላይ እየነጠሩ ገለባውን ለነፋስ መስጠት ነው። ማንገዋለል ግን ሰፌዱን በዝግታ እያዞሩ እህሉ በራሱ ዙሪያ እንዲዞርና ከባዱ ከቀላሉ፣ ጠጠሩ ከፍሬው እንዲለይ ማድረግ ነው። ሰፌዱ ይዞራል፤ እህሉ ከሰፌዱ ሳይወጣ ይዞራል። በዚያ ቱቦ ውስጥ ሳትንቀሳቀሱ መዞርን ከዚህ የተሻለ የሚገልጥ ቃል በየትኛው ቋንቋ እንደሚገኝ እንጃ። ሳይንስ ምክንያቱን ሰጠኝ፤ ስሙን የሰጠችኝ ግን እናቴ ናት። ስሙም ከድሮ ጀምሮ በጓዳችን ተሰቅሎ ነበር።

የምርመራው ውጤት ከሳምንት በኋላ መጣ፤ ለክፉ የሚሰጥ ነገር አልተገኘም። የጆሮዋ ጩኸት አሁንም አለ፤ ማዞሩም አልፎ አልፎ ይመጣል። ብርጭቆው ግን ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቷል። ሲመጣባት «አንገዋለለኝ» ትላለች፣ ትቀመጣለች፣ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ስም ያለው ስሜት ከስም የለሹ ይቀልላል።

አንባብያን ሆይ፣ ከእናንተም ወይም ከዘመዶቻችሁ አንዱ ነገ በዚያ በር ይገባ ይሆናል። «ምንም አይሰማም» አትበሉት። ብዙ ሰው ከጩኸቱ በቀር ምንም አይሰማው ይሆናል፤ የሚሰማው ግን እውነቱን ነው የሚናገረው። ሲወጣም ምን ተሰማህ ብላችሁ ጠይቁት፤ ምናልባት መዝገበ ቃላት ያላገኘውን ቃል ይዞ ይወጣልና።

እኔም ያንን ቃል ከእናቴ ተበድሬ እነዚህን ስንኞች ቋጠርሁ። «እስኪጠራ» የሚለውን አጥብቆም አላልቶም ማንበብ የእናንተ ፈንታ ነው።

እህል በሰፌድ ላይ ሲንገዋለል ውሎ
ድንጋዩ ይለያል ከፍሬው ተነጥሎ፤
እኔም ልንገዋለል፣ የለኝ ሌላ ሥራ፣
ገላዬ ያወቀው ስሜት እስኪጠራ።